በሩ ሲጮህ

የምሠራው አሜሪካ፣ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛና የሚሸጥ ግቢ ውስጥ ነው። ቦታዬ የመኪና ሚዛኑ ጋ ነው። የተጨፈለቀ መኪና፣ የፈረሰ ሕንፃ ፌሮ፣ አሮጌ ፍሪጅ፣ የፋብሪካ ቧንቧ፣ ሁሉም በመስኮቴ ፊት ያልፋል። መኪናው ሞልቶ ሲገባ እመዝናለሁ፤ አራግፎ ሲወጣ እመዝናለሁ። ልዩነቱ ተሰልቶ ይከፈለዋል።

ሥራው ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። ግን አሜሪካ ከምታመርተው አረብ ብረት 70 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። የዚያ ምድጃ ዋና ቀለብ ደግሞ እንዲህ ያለው ውዳቂ ነው። ከዚህ የተረፈው በመርከብ ይጫናል። በዓለም ላይ ከማንም በላይ ቁርጥራጭ ብረት ከውጭ የምታስገባው ቱርክ ናት። የቱርክ ማቅለጫዎች ዋጋ ቀነሱ ሲባል እኛ ግቢ የአለቆች ፊት ይጠቁራል። ዛሬ የገባ ብረት ነገ ረክሶ ሊያድር ይችላልና ሁሉም ቶሎ አስገብቶ ቶሎ መጫን ይፈልጋል።

ያ መኪና የመጣው እንዲህ ባለው ሰሞን ነው።

ከሚዛኑ በፊት፣ መግቢያው ግራና ቀኝ፣ ሁለት ረጃጅም ሳጥኖች ቆመዋል። ጨረር ይለያሉ። መኪናው በመሃላቸው ቀስ ብሎ ያልፋል። ጨረር የሚያወጣ ነገር ከጫነ ይጮሃሉ። በሩን የሚይዙት ደግሞ አንድ በዕድሜ የገፉ ሐበሻ አባት ናቸው። እኛ ብቻ ሳንሆን ፈረንጆቹም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው።

ጠዋት ነው። ሌላ ነጋዴ የላከው አንድ ትልቅ ተሳቢ ገባ። በሩ ጮኸ። ጋሼ ሾፌሩን ወደ ኋላ መልሰው እንደገና በዝግታ አሳለፉት። አሁንም ጮኸ።

የፈረቃው ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። «ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ የዝናቡ ነው» አለ። ይህ ባዶ ሰበብ አይደለም። ዝናብ አየር ላይ ያለውን የተፈጥሮ ጨረር ወደ መሬት ያወርድና የመሣሪያውን ንባብ ከፍ ያደርገዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሾፌሩ ሕክምና ላይ ሊሆን ይችላል» አለ። ይህም ያጋጥማል። ለታይሮይድ በሽታ ጨረራማ አዮዲን የወሰደ ሰው በሩን ሊያስጮኸው ይችላል።

ጋሼ አልተከራከሩም። ከኋላ ቆሞ የነበረውን ሌላ መኪና ጠርተው በዚያው በረጠበው መንገድ አሳለፉት። ዝም አለ። ቀጥሎ የተሳቢውን ሾፌር አስወርደው የግቢው ሾፌር እንዲነዳው አደረጉ። ጮኸ። ስክሪኑን አሳዩኝ። መስመሩ ተኝቶ መጥቶ፣ የተሳቢው ጀርባ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል። በእያንዳንዱ ማለፍ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚወጣው።

«ልጄ፣ እንዳትመዝኚው» አሉኝ። «ወረቀት ከቆረጥሽለት የእኛ ሆነ ማለት ነው።»

ኃላፊው ተበሳጨ። ሰልፉ አውራ ጎዳናው ድረስ ደርሷል። «ጥግ ላይ ያራግፈው፤ በኋላ እናየዋለን» አለ። እዚህ ላይ ሰውየውን ክፉ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ፍርሃቱ የገንዘብ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ግቢ ውስጥ ከተገኘና ባለቤቱ ካልታወቀ፣ ማስወገጃውን የሚከፍለው እጁ ላይ የተገኘበት ነው። ክፍያው ደግሞ ቀላል አይደለም። ደንቡ በዚህ በኩል ክፉኛ ይቆጨኛል። ያገኘውን ሰው የሚያስከፍል ደንብ ሰው እንዳላየ እንዲያልፍ ይገፋፋዋል።

ጋሼ ግን የመኪናውን ቁልፍ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። «አይራገፍም» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ግዛቱን የጨረር ቁጥጥር ክፍል ስልክ ደወሉ። እኔም ሚዛኑን ዘግቼ ሰልፍ ላይ ያሉትን ሾፌሮች እየዞርኩ አስረዳሁ። የሰደበኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ መጣች። በእጅ የሚያዝ መለያ ይዛ ተሳቢውን ዞረችና የጀርባው ግራ ጎን ላይ በጠመኔ ክብ ሠራች። ክሬኑ በእሷ ትእዛዝ ብረቱን ትንሽ ትንሽ እያለ አነሳ። ከቧንቧዎቹ ሥር የወጣው ነገር ትንሽ የወጥ ድስት ያህላል። ለመጠኑ ግን ከባድ ነው። ውስጡ ጨረር የሚያግደው ከባድ ብረት፣ እርሳስ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጋን ምን ያህል እንደሞላ በጨረር የሚለካ መሣሪያ ኖሯል። ሆዱ ውስጥ ሲዝየም 137 የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለ። የጨረሩ መዝጊያ በከፊል ተከፍቷል። ቢጫው ምልክት ዝጎ ሦስት ክንፉ የሚታየው በግድ ነው።

ይህ ነገር ተራግፎ ቢሆን ኖሮ በክሬን ጥርስ ይነከሳል፤ ወይ በመጨፍለቂያ ይገባል፤ ወይ ምድጃ ይደርሳል። ተቆጣጣሪዋ የስፔኑን ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ1998 በደቡብ ስፔን፣ ሎስ ባሪዮስ በሚገኝ ማቅለጫ፣ የሲዝየም ምንጭ በመለያው ሳይያዝ አልፎ ቀለጠ። ሲዝየም ብረቱ ውስጥ አይቀርም። ይተንና ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የቀረው ማጣሪያው አቧራ ላይ ያርፋል። የዚያ ጭስ ጨረር በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድ፣ በጣሊያንና በጀርመን መሣሪያዎች ላይ ታየ። ኪሳራው ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ስፔን በዓመቱ መንግሥትን፣ አቅላጮችን፣ ነጋዴዎችንና የሠራተኛ ማኅበራትን ያስማማ ፕሮቶኮል አወጣች። ያገኘ ሰው ምን እንደሚያደርግና ለማን እንደሚናገር ቀድሞ ተጻፈ።

ኮባልት 60 የሚባለው ሌላው ጨረራማ ንጥረ ነገር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለያል። እሱ ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል። ሜክሲኮ፣ ሲዩዳድ ኋሬዝ ከተማ፣ ከሆስፒታል መጋዘን የወጣ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ለቁርጥራጭ ብረት ግቢ ተሸጠ። ውስጡ ወደ 6,000 የሚጠጉ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህሉ የኮባልት ፍሬዎች ነበሩ። የግቢው ማግኔት ክሬን ከሌላው ብረት ጋር ቀላቀላቸው። ቀለጡና ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኑ። የተደረሰበት በአጋጣሚ ነው። በጃንዋሪ 1984 ያንን ፌሮ የጫነ መኪና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በር ሲያልፍ መለያው ጮኸ። ያን ቀን ባይጮህ ስንት ቤት በዚያ ፌሮ ይሠራ ነበር?

ከሁሉም አንጀቴን የሚበላው ግን የብራዚሉ ነው። ጎያኒያ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. 1987። ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ ማሽን ነቅለው በጋሪ ወሰዱ። እኛ አገር ቁራሌ እንደምንላቸው ያሉ ሰዎች ናቸው። የአንድ ቁርጥራጭ ብረት ግቢ ባለቤት ከእነሱ ገዛው። ውስጡ ያለው የሲዝየም ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራል። ውብ መሰላቸው። ለዘመድ ለወዳጅ አካፈሉት። ሰው በየተራ ሲታመም ነገሩን የጠረጠረችው የባለቤቱ ሚስት ናት። ቅሪቱን በከረጢት አስይዛ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጤና ቢሮ አደረሰችው። የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈው በእሷ ነው። እሷ ግን ሞተች። የስድስት ዓመት ልጅ የሆነች የባለቤቷ ወንድም ልጅና ግቢው ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶችም ሞቱ። ከ110,000 በላይ ሰው ተመረመረ፤ 249 ሰው ላይ ብክለት ተገኘ።

የእኛ መሣሪያ ላይ ቁጥር ተቀርጾበት ነበር። በዚያ ቁጥር ባለቤቱ ተገኘ። ፋብሪካው ተዘግቶ ማሽኑ ሁሉ በጅምላ ሲሸጥ አብሮ የወጣ ነው። ማስወገጃውን የከፈለው እሱ ሆነ። ግቢያችንም ደንቡን ቀየረ። በሩ ከጮኸ የመመለስም የማቆምም ሥልጣን በሩን በያዘው ሰው እጅ ነው፤ ኃላፊው ሊሽረው አይችልም። ሰልፉ የፈለገውን ያህል ይርዘም። ያንን ደንብ ጽፎ ሚዛን ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ራሱ የፈረቃው ኃላፊ ነው። ለዚህ አከብረዋለሁ።

እኔ የምሠራበት በር መለያ አለው። ምናለሽ ተራ ብረት የሚቆርጠው ልጅ፣ ሰፈር ለሰፈር «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ፣ መለያው ዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህን ይወቅ። ለመጠኑ ከልክ በላይ የከበደ፣ እርሳስ የተለበጠበት፣ ከሆስፒታል ወይም ከፋብሪካ የወጣ፣ ቢጫ ላይ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ ካገኘ አይቁረጠው፣ አይክፈተው፣ ቤቱ አያስገባው። ራቅ ብሎ ለፖሊስ ይንገር። ብረት ሥራ ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ፣ ምልክቱን ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ዛሬውኑ አሳዩት።