ብርጭቆ ወረቀት ያነሳሁበት ቀን
ይሄ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ግን አሁንም ሞሪስ ቼር የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይግላል።

ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ የቤት እቃ የሚታደስበት ሾፕ ነው የምሰራው። ሶስት ነን፣ ፈረንጁ አለቃዬ፣ ጋሼ (የቆዳና የስፖንጅ ስራ የሳቸው ነው፣ ከኔ 20 ዓመት ቀድመው ነው አሜሪካ የገቡት) እና እኔ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የጉስታቭ ስቲክሊ (የድሮ አሜሪካዊ የቤት እቃ ሰሪ ነው) ወንበር ይዛ መጣች፣ ያ ሞሪስ ቼር የሚባለውን፣ ጀርባው ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ ሰፊ ክንድ ያለውን። ማርኳ ሳትቀር አለች፣ የአናጺ ኮምፓስና መሀሉ ላይ «አልስ ኢክ ካን» የሚለው። አቅሜ በፈቀደ ማለት ነው አሉኝ በኋላ፣ እኔም አቅሜ በፈቀደ አበላሸሁት።

ቲኬቱ ላይ የተጻፈው፣ የግራ ክንድ ይነቃነቃል ኮላ፣ ትራስ ቆዳ ይቀየር። በቃ። ሌላ ነገር የለም።

ግን የሚነቃነቀው ክንድ ላይ አንድ ጥቁር ክብ ነበር፣ ሰው ለስንት ዓመት ጣሳ ሲያስቀምጥበት የኖረ። አባቴ አዲስ አበባ አናጺ ነበር፣ የዋንዛ ብናኝ እየሳብኩ ነው ያደግኩት፣ እና እሱ ዘንድ እቃ ገብቶ እንደቆሸሸ ከወጣ ነውር ነው። ምርቃት ልስጣት አልኩ። ክንዱን ከወንበሩ አላቀቅኩና ኦርቢታል ሳንደሩ (የመፋቂያ ማሽኑ) ላይ ሻካራውን 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለጥፌ ጀመርኩ። ክቡ ጥልቅ ነው አይለቅም፣ እኔ ደሞ እልህ ያዘኝ። ሳነሳው ክንዱ መሀል ላይ የተላጠ ድንች የመሰለ ነጭ ነገር ወጣ።

(ወንበሩ የተሰራበት እንጨት ኦክ ነው፣ ኦክ ደሞ ታኒን የሚባል ሻይ ላይም ያለ ነገር አለው፣ ብረትና ውሃ ሲነኩት ይጠቁራል፣ የሚለቀው በኦክሳሊክ አሲድ ነው እንጂ በመፋቅ አይደለም። አሁን አውቃለሁ።)

ጋሼ ከኋላዬ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያረግክ ነው?»

«ክቡን እያጠፋሁ ነው ጋሼ።»

«ያጠፋኸውስ ወንበሩን ነው።»

«ቀለሙን መልሼ እቀባዋለሁ፣ ዎልነት ስቴይን አለ እኮ...»

«ምን ቀለም አለው ብለህ ነው? የታጠነ ነው ይሄ። ታጠነ! የወተት ዕቃ በወይራ እንደሚታጠነው፣ ይሄ በአሞኒያ ነው የታጠነው። ድሮ ፈረስ ጋጣ ውስጥ የተቀመጠ ኦክ በሽንቱ እንፋሎት ሲጠቁር አይተው ነው የጀመሩት ይባላል። ቀብተህ ልታመጣው?»

እውነቱን ለመናገር ከዛ በኋላ ከመጣው ሁሉ የከነከነኝ ይቺ «ታጠነ» የምትለዋ ነች። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ እናቴ ስታጥን አይቻለሁ፣ ስድስት ወር ሙሉ ግን ሾፑ ውስጥ «ፊውምድ ኦክ» (የታጠነ ኦክ ማለት ነው) ሲባል እየሰማሁ የቀለም ስም ነበር የሚመስለኝ። አንድ ሰው በአማርኛ ቢነግረኝ ኖሮ ሳንደሩን አልነካውም ነበር፣ ይሄ ሰበብ ከሆነ ሰበብ ነው።

አለቃዬ ሲመጣ አልጮኸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ትምህርት ጀመረ። ወንበሩ ስሙን ያገኘበት እንግሊዛዊ ዲዛይነር ዊልያም ሞሪስ በ1861 ለንደን ውስጥ ኩባንያ ሲያቋቁም ከፋብሪካ የሚወጣው ዝባዝንኬ ጌጥ አንገፍግፎት እንደሆነ፣ ስቲክሊ በ1901 ዘ ክራፍትስማን የሚለውን መጽሔት ሲጀምር የመጀመሪያውን እትም ለሞሪስ መታሰቢያ እንዳረገው፣ ኦኩ በኳርተር ሶው (ግንዱ መጀመሪያ ለአራት ተከፍሎ) የተሰነጠቀው ያ የነብር ቆዳ የመሰለው ዥንጉርጉር እንዲወጣ እንደሆነ፣ ክንዱን ሰንጥቆ ብቅ የሚለው የእግሩ ጫፍ የውሸት ጌጥ ሳይሆን እውነተኛ መጋጠሚያ እንደሆነ፣ የሰው እጅ፣ ሀቀኝነት፣ ምናምን። ከዛ የተለመደችውን፣ ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ በ1988 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ የስቲክሊን ቡፌ በ363 ሺህ ዶላር ገዛች የምትለዋን። ይቺን በሳምንት አንዴ እሰማታለሁ። «እና ኦሪጅናል ፊኒሽ ነበረው» (መጀመሪያ ሲሰራ የወጣለት መልክ ማለቱ ነው) ብሎ ወደ ድንቹ አየ።

የምመልሰው ነገር አጥቼ አይደለም። ስቲክሊ እኮ ኒውዮርክ ስቴት ሲራክዩስ ከተማ አጠገብ ኢስትዉድ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው፣ ማሽን የሞላበት፣ አድካሚውን ስራ ማሽን ይስራው የሚል ሰው ነበር። የሞሪስንም እቃ ቢሆን ሀብታም ነው የገዛው፣ ስቲክሊ ደሞ በ1915 ከሰረ። ግን ኦርቢታል ሳንደር ይዤ ስለ ማሽን ብከራከር ማን ይሰማኛል፣ ዝም አልኩ።

መፍትሄውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። የተፋቀው ቦታ ታኒኑ እንዲጠነክር ሻይ ቅጠል ወፈር አርገን አፈላንና ደጋግመን ቀባነው፣ ከዛ ክንዱን በላስቲክ ድንኳን ውስጥ አንድ ሳህን ጠንካራ አሞኒያ አስቀምጠን አሳደርነው። ማስክ ነበረኝ ግን ላስቲኩን ስከፍት ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለው። ጠዋት ቡናማ ሆኗል፣ ሰም ቀባነው፣ አማረም። ግን አንዱ ክንድ ከመቶ ዓመት በላይ የሰው እጅ ሲያሸው የኖረ ነው፣ ይሄኛው የትናንት። ጎን ለጎን ሲሆኑ የእንጀራ ወንድማማች።

ሴትዮዋ ልትወስድ ስትመጣ አለቃዬ ይቅርታና ቅናሽ አዘጋጅቶ ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር። እሷ ክንዱን በእጇ ዳበስ አረገችና «ኦ ማይ ጋድ፣ ያ አስቀያሚ ክብ ጠፋ! ሌላኛውንም እንደዚህ ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?» አለች።

አለቃዬ ዝም አለ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም አፌን ከፈትኩና አይሆንም፣ ኦሪጅናል ፊኒሽ ነው፣ የሰው እጅ ነው፣ ዋጋው ይወርዳል እያልኩ የሱን ትምህርት ቃል በቃል ደገምኩላት፣ ስትራይሳንድን ሳይቀር። ጋሼ ከጓዳ ስፖንጅ እየቆረጡ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ይሰማኛል።

«እኔ እኮ አልሸጠውም፣ እቀመጥበታለሁ» አለች።

አለቃዬ እኔን ሳያይ «ሹር፣ ሁለት ሳምንት» አላት።

የቀኙ ክንድ እንደ ግራው የላላ አልነበረም፣ ንቅንቅ የለም፣ ስለዚህ በዚህኛው ዙር ወንበሩ ከነነፍሱ ድንኳን ገባ፣ እኔም ሻዬን አፍልቼ ተከተልኩት። ቢሉን የጻፈው አለቃዬ ራሱ ነው፣ «በእጅ የተሰራ ፊኒሽ» ብሎ።