መምሬና አባ

ሥራዬ ሰነድ ፍለጋ ነው። እንዲህ ስል ሰው ግራ ስለሚገባው «ለውርስና ለቤተሰብ ታሪክ የቆየ ወረቀት አፈላልጋለሁ» ብዬ አብራራለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው።

አንዲት ሴት ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። አያቷ፣ የአባቷ አባት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቄስ ነበሩ። ለቤተሰቡ ትንሽ መጽሐፍ ልታሳትም ነው፤ አያቷ መቼ እንዳረፉና እነማንን ትተው እንዳለፉ በወረቀት የተደገፈ ነገር ትፈልጋለች። በእጇ ያለው ስማቸው ከነአባታቸው፣ «መምሬ» የሚለው መጠሪያ፣ ደግሞ «ሚካኤል ነበር የሚያገለግሉት» የሚል ወሬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሚካኤል እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከጣልያን ወረራ በፊት ቢሆን ብርሃንና ሰላም ጋዜጣን ነበር የምፈትሸው፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ወጥቷል። የሷ አያት ግን ያረፉት ከነጻነት በኋላ ነው። አዲስ ዘመን ደግሞ ንጉሡ አዲስ አበባ በገቡ በወሩ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ስለዚህ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የአዲስ ዘመን ጥራዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን ሥራ ያልሞከረ ሰው ስም ጽፎ ፈልግ የሚለውን መጫን ይመስለዋል። ኧረ የለም። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ እንደ ቆሎ ገለባ ይረግፋል፣ አንድ ገጽ በኃይል ከገለበጥክ ታሪክ አጠፋህ ማለት ነው። የሐዘን ማስታወቂያዎቹ የተወሰነ ቦታ የላቸውም፤ አንዳንዴ ከቤት ሽያጭ አጠገብ፣ አንዳንዴ ከጠፋ ማኅተም በታች ይገኛሉ። እኔ የካህን ስም ያየሁበትን ሁሉ ቀኑን፣ ገጹንና ማዕረጉን ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ አገኘኋቸው። 1950ዎቹ ውስጥ የወጣ የምስጋና ማስታወቂያ። መምሬ እገሌ፣ የአባታቸው ስም ልክክ ያለ፣ አገልግሎታቸውም ሚካኤል። ለቅሶ ለደረሱት፣ ላጽናኑት ሁሉ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ምስጋና ያቀርባሉ። ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ ላክሁላት። አለቀሰች። ሒሳቤን ያን ዕለት ላከችልኝ፣ ጉርሻም ጨምራበት። (ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ስትቀይር ስምንት ደምራ ነበር፤ ማስታወቂያው የኅዳር ስለሆነ ሰባት ነው ብዬ አረምኳት። እንዴት እንደኮራሁ!)

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ቁጥር ተደወለልኝ። የደንበኛዬ አክስት ናቸው፣ የቄሱ የመጨረሻ ልጅ። ሰማንያዎቹን አልፈዋል፣ ድምፃቸው ግን እንደ ደወል ጥርት ያለ ነው።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ አባቴ አይደሉም» አሉኝ።

«እማማ፣ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው እኮ።»

«ይሁና። ባለቤታቸው ይላል አይደል? እናቴ የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ መንኩሰው ነው የኖሩት።»

ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን ከፈትኩት። «ባለቤታቸው» የሚለው ቃል ስሙ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

እኔ የቄስ ዘመድ የለኝም ልል አልችልም፣ ማን የሌለው አለ። ቄስ የሚያገባው አንዴ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሚስቱ ከሞተች ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ሌላ አግብቶ ቅዳሴውን ይተዋል። መምሬ የነበሩት ሰው መነኩሴ ሲሆኑ «አባ» ይባላሉ። ስማቸውም አብሮ ሊቀየር ይችላል፤ ቀበሌና ግብር ቤት የሚያውቃቸው በዓለም ስማቸው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ በክርስትና ስማቸው ይጠራሉ። ወንድማማቾች በወረቀት ላይ የተለያየ አባት ያላቸው የሚመስሉበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአባቱን የዓለም ስም፣ ሌላው የክርስትናውን ስላስጻፈ ብቻ። ይሄን ሁሉ ለሌሎች ደንበኞች ሳስረዳ ነው የኖርኩት፣ ሲያጋጥመኝ ግን ስም ብቻ ይዤ ሮጥኩ።

እማማን መልሼ ደወልኩና የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። ሙሉውን አልጽፈውም፣ መጨረሻው ላይ ሥላሴ አለበት። ኤክሴሉን ከፍቼ «ሥላሴ» ብዬ ፈለግሁ፤ ከአባዎቹ መካከል እሳቸው የሉም። በማግስቱ ወመዘክር ተመልሼ ጥራዞቹን እንደ አዲስ ማገላበጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ላይ የማውቀው ነገር መሰለኝ። የዳቦ ቤት ማስታወቂያ፣ አጠገቡ የተቀደደ ጠርዝ። እዚህ ገጽ ላይ እኮ ነበርኩ! ከሥሩ አጭር ማስታወቂያ አለ፤ አባ እገሌ፣ በቅንፍ ውስጥ የቀድሞው መምሬ እገሌ። ኤክሴሉን አየሁ። ከአራት ሳምንት በፊት ራሴ መዝግቤዋለሁ። ቅንፉን ትቼ «አባ» ያለውን ብቻ፣ ደግሞ በንጉሡ ሠ ሳይሆን በእሳቱ ሰ፣ «ስላሴ» ብዬ። ኤክሴል ሁለቱን ፊደል እንደ አንድ አይቆጥራቸውም፣ እኔ ደግሞ በቸኮልኩ ቁጥር የቀረበኝን ነው የምነካው።

አሁን ለመፈለጊያ ብቻ ሌላ አምድ ጨምሬያለሁ፤ እዚያ ሠውን በሰ፣ ሐውንና ኀውን በሀ፣ ፀውን በጸ፣ ዐውን በአ አድርጌ እጽፋለሁ። በዋናው አምድ ጋዜጣው እንዳሳተመው ይቀመጣል። አሰልቺ ነው፣ ግን ምን ይደረግ።

የመጀመሪያውን ክፍያ ለደንበኛዬ መለስኩላት፣ አልቀበልም ብላ ትንሽ ተከራከርን። ቅጂውን ለእማማ ራሴ ወሰድኩላቸው። ቡና አፈሉልኝ። ዓይናቸው ስለደከመ «አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ከነማዕረጋቸው ተጠርተዋል፣ ከዚያ «እና መላው ቤተሰብ» ይልና ያበቃል። የሳቸው ስም የለም። አንገቴን ደፋሁ።

እሳቸው ግን ሳቁ። «አስተማሪ ነበርኩ» አሉ። «ማስታወቂያውን ከደሞዜ ከፍዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ስማቸው ቀድሞ ይውጣ አሉ፣ የኔ መስመር ሲጨምር ዋጋው ጨመረ፣ ተውኩት።»

«እማማ! ታዲያ ማስታወቂያ እንዳለ እያወቁ ምነው በስልክ ያኔውኑ ቢነግሩኝ?»

ስኒዬን ተቀብለው ሁለተኛውን ቀዱልኝ።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»