የሌሊቱ ስሌት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። አምና ለአራት ወራት ያህል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየነቃሁ አንድ ስሌት ብቻ እሠራ ነበር፤ «አሁን ብተኛ አራት ሰዓት አገኛለሁ፤ አሁን ብተኛ ሦስት...»።

ያደቀቀኝ ፍርሃቱ ነው። በጨለማ ስልኬን ከፍቼ ስለ እንቅልፍ እጦት ጉዳት ሳነብ የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ የመርሳት በሽታ ተደረደሩልኝ። አንድ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶ የሚገድል በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንዳለ አነበብኩ። እስኪነጋ የልብ ምቴን ሳዳምጥ አደርኩ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ያገኘኋት ባለሙያ አስቀድማ ማንኮራፋት፣ መጠጥና የከበደ ሐዘን እንዳለብኝ ጠየቀችኝ። ያ ገዳይ በሽታ በዓለም ላይ በጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የሚታይ፣ ከተበላሸ ፕሮቲን የሚመጣ መሆኑን ነገረችኝ። ያነበብኩት ሌላው ጉዳትም ዓመታት ከዘለቀ የእንቅልፍ እጦት ጋር የተያያዘ እንጂ አንድ ሌሊት የሚያመጣው አይደለም። አንጎል ያጣውን ሰዓት በሰዓት አያስከፍልም፤ በቀጣዩ ሌሊት ጥልቁን እንቅልፍ አስቀድሞ ይተካል።

ይህን መስማት ብቻውን አላስተኛኝም። ደብተር ያዝኩ። ሌሊት የፈራሁትን፣ ማታ ደግሞ የሆነውን እጽፋለሁ። አንድ ሰኞ ሌሊት «ነገ ተማሪዎች ፊት ቃል ይጠፋኛል» ብዬ ነበር። የማታው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «አራት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ተማሪዎቹ አረሙኝ።» በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሥራ የቀረሁበት አንድም ቀን አልተገኘም። ዓይኔ ይቃጠል፣ ልጆቼን ቶሎ እቆጣ ነበር፤ ድካሙ እውነት ነው። የፈራሁት ጥፋት ግን አልደረሰም።

እናቴ ከገጠር መጥታ ስታየኝ «አባትህ በቆሎ ሲደርስ ጃርት ሲጠብቅ ማማ ላይ ያድር ነበር። ጠዋት ማጭዱን ይዞ ይወርዳል። ያልተኛውን ሲቆጥር ሰምቼው አላውቅም» አለችኝ። መቁጠር የሚለው ቃል አጥንቴ ድረስ ገባ። በዚያው ቀን የግድግዳውን ሰዓት ከመኝታ ክፍላችን አወጣሁ።

ከዚያ የከበደው መጣ። በደብተሬ ግምት የምተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ስለነበር፣ አልጋ ላይ የምቆየውን በስድስት ሰዓት ወሰንኩ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት። እንቅልፍ ሲርቀኝ ጋቢዬን ደርቤ ሳሎን እቀመጣለሁ፤ ሲመጣ እመለሳለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ፤ መኪና የሚነዳ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። አልጋ ላይ ያለሁበት ጊዜ ከሞላ ጎደል በእንቅልፍ መሞላት ሲጀምር በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ጨመርኩ።

ቡናውን መተው ከባድ ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ያህል ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ሲጠራኝ አልቀርም፤ ቆሎውን እበላለሁ፣ አቦሉን ግን ለጠዋት አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ የፈተና ዋዜማ፣ ሌሊት ነቃሁ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላየሁም። ሳሎን ተቀምጬ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቼ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ጠዋት ደብተሩን ሳልከፍት ፈተናውን ልፈትን ሄድኩ።