ቅዳሴ ካቆሙ ጓደኞቼ ጋር ስለ እምነት ሳወራ

ካቶሊክ ነኝ፤ ቅዳሴም አላቋርጥም። ከጓደኞቼ ግን ካቆሙ የቆዩ አሉ። «ከእግዜር አልተጣላሁም፣ ከእነሱ ነው እንጂ» ይላሉ። «እነሱ» የሚባሉት ካህናቱና ጳጳሳቱ ናቸው።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ወሬን ከዶግማ መጀመር አያዋጣም። «ምኑ ነው ያስቀየመህ?» እልና ዝም እላለሁ። እንደ እኔ አፉ ለሚፈጥን ሰው ዝምታው ቀላል አይደለም። መልሱ ስለ ሥላሴ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አንዱን ኑዛዜ ላይ ካህኑ አመናጭቆታል፤ በዚያው ቀረ።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕፃናት ላይ የደረሰው ወሲባዊ ጥቃት ሲነሳ «የትም ቦታ ያለ ነው» አልልም። እውነት ቢሆን እንኳ ሰሚው ጆሮ የሚገባው «ዝም በል» ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንሳይ አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን ከ1950 ወዲህ በካህናትና በገዳማውያን የተጠቁ ልጆች ወደ 216,000 ይጠጋሉ ብሎ ገምቷል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ለምእመናን በጻፉት ደብዳቤ ታናናሾቹን ትተናቸዋል ብለው አምነዋል። እሳቸው ካመኑ እኔ የማን ጠበቃ ልሁን? የተጠቃው ራሱ የሚያወራኝ ሰው ከሆነ ደግሞ የእምነቱ ጉዳይ ይቆይ። የሥነ ልቦና ባለሙያና ፖሊስ ይቀድማሉ፤ እሱም እሱ ሲፈልግ።

አንዳንዴ ግን ያራቃቸው የተሳሳተ ወሬ ሆኖ ይገኛል። አንዲት ጓደኛዬ ከባሏ ተፋታለች፤ ሌላ አላገባችም። ቅዱስ ቁርባን መቀበል የተከለከለች መስሏት ለዓመታት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ሰው ሲሰለፍ ቀስ ብላ ትወጣ ነበር። ፍቺ ብቻውን ከቁርባን አያግድም፤ ጥያቄው የሚመጣው የመጀመሪያው ጋብቻ ያልጸና ነበር ብላ ቤተ ክርስቲያን ሳትወስን ሌላ ሲገባ ነው። ይህን ስነግራት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ተናደደች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ማን አፉን ያዘው? አንድ ሰው አይነግረኝም?» አለች። እውነቷን ነው። ጋብቻው ከመጀመሪያው ያልጸና መሆኑን የሚያየው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት አሠራርም እ.ኤ.አ. በ2015 ቀለል ተደርጓል፤ ይግባኝ ካልተጠየቀ የሁለተኛ ፍርድ ቤት ማጽደቅ ቀርቷል። ይህን ግን ሌላ ቀን ነው ያነሳሁት። የተናደደ ሰው ላይ ሕግ አይደረደርም።

የቪዲዮ ሊንክ አልልክም፣ ቅዳሴ እንሂድ ብዬም አልወተውትም። ደግሞ በቤተሰብ ፊት ይህን ወሬ ማንሳት ነገር መፈለግ ነው። እየተራመዱ ማውራት ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ብዙ ይወጣል።

ጥርጣሬ ያራቃቸውን ግን ስለ እማሆይ ቴሬዛ አጫውታቸዋለሁ። ከሞቱ በኋላ የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው እግዚአብሔር የራቃቸው ያህል ለረጅም ዓመታት ጨለማ ውስጥ እንደኖሩ ያሳያሉ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድስት ተብለዋል።

«አንተስ ለምን አልተውክም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አላስረዝምም። ጴጥሮስ «ወደ ማን እንሄዳለን?» ያለው የእኔም መልስ ነው፤ ቁርባኑን ትቼ የምሄድበት የለኝም። አንዱ ጓደኛዬ «ይህ ለእኔ አይበቃኝም» አለኝ። እሺ አልኩት። አሁንም እየተገናኘን እንጨቃጨቃለን።