ከናዳው በኋላ ልጁን ማን ይያዘው?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ናዳ ሲወርድ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ በማግስቱም ለተጎጂዎች ልብስና ደብተር ከሚያሰባስቡ ጓደኞቼ ጋር ተቀላቀልኩ። ልጆቹን በዚህ የምንደርስላቸው መስሎኝ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ የአደጋው አደራረስ ነው። ዝናብ ያራሰው ተራራ መጀመሪያ የተወሰኑ ቤቶችን ዋጠ፤ ጎረቤትና ዘመድ የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በእጁ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወርዶ አዳኞቹንም ቀበረ። የሞቱት ሰዎች ከ200 በላይ ናቸው።

በአገራችን ወላጅ የሞተበትን ልጅ አጎቱ ወይም አክስቱ ይወስዱታል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ወረቀትም አይጻፍም። በኬንቾ ግን ያ አጎት አካፋ ይዞ የሮጠው ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለተረፉት መጠለያ ድንኳን ሲተከል ልጆቹም በስማቸው፣ በመንደራቸውና አሁን በያዛቸው ሰው ስም መመዝገብ አለባቸው። ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ ለትንሽ ልጅ የእናቱ ስም «እማዬ» ነውና፣ የአያቱን ስም የሚያውቅ ታላቅ ወንድም ወይም ጎረቤት ከአጠገቡ ሳይበተን መጠየቅ ይኖርበታል።

የቤተሰብ ሕጋችን ልጁን በሚንከባከበው አሳዳሪና ንብረቱን በሚጠብቀው ሞግዚት መካከል የሚለየው ያለ ምክንያት አይደለም። መልሶ ማስፈር ሲመጣ ቤትና ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ስለሆነ፣ አያቱ ዘንድ የተጠጋ ልጅ ሞግዚት ካልተሾመለት የአባቱ ድርሻ በዝምታ ሊቀርበት ይችላል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ለጋሾችን ለማነሣሣት ብዬ «የልጆቹን ፎቶ ላኩልን» ያልኩት እኔው ነበርኩ። መልኩ፣ ስሙና መንደሩ ወላጅ እንደሌለው ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር የወጣ ልጅ፣ «በከተማ ሥራ አገኝለታለሁ» ለሚል ደላላ የተጻፈ አድራሻ ነው። ፎቶዎቹን አጠፋናቸው፤ ለሁለተኛው ጭነት ከተዘጋጁት ደብተሮች መካከልም ትላልቆቹን ለመመዝገቢያ ብለን ለየን።