«ከአቧራ ይጠብቁት»

ጥምቀት አልፎ የጎንደር አቧራ በሚበረታበት ሰሞን፣ ድጓውን ቤተልሔም፣ አቋቋሙን በዓታ ያስመሰከሩ አንድ የኔታ ላፕቶፓቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ፒያሳ ወዳለችው የጥገና ቤቴ መጡ። ለተማሪዎቻቸው የሚሆን ጽሑፍ እየጻፉ ሳለ ድንገት ድርግም ብሎ እንደሚጠፋባቸውና ሁለት ገጽ እንዳስቀረባቸው ነገሩኝ። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ፣ ሱቁ ከእኔ ሱቅ ብዙም የማይርቅ ስለሆነ ስሙን አልጠራም፣ መጀመሪያ ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኖላቸዋል፤ ችግሩ ሲመለስ ደግሞ አዲስ ባትሪ ሸጦላቸዋል።

በሙቀት የሚጠፋ ላፕቶፕ ጠባዩ ይታወቃል። እንደጠፋ ወዲያው ቢያስነሱት ደቂቃዎች ሳይቆይ ተመልሶ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት አሳርፈው ቢያስነሱት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ዊንዶውስ በመዝገቡ ላይ «ከርነል ፓወር 41» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ይህ ቁጥር ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። እሱን አይቶ ባትሪ መሸጥ፣ ሰው ወደቀ ሲባል ጫማ እንደ መሸጥ ነው። የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር በአብዛኛው 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃው ከመቃጠል ለመዳን ሲል ማሽኑን ያጠፋዋል።

ስከፍተው ያሰብሁት ሆነ። በፋኑና በሂትሲንኩ (ሙቀቱን በሚያወጣው ብረት) ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ባና ተጠቅጥቋል፤ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደዚያ ብረት የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም፣ ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። በአቧራው ውስጥ ነጫጭ ፀጉር ነበረበት።

«የኔታ፣ ቤትዎ ድመት አለች?»

«አለች።»

«ነጭ ናት?»

«ነጭ ናት።»

ምርመራዬን እዚያው ላይ ዘጋሁት። ፋኑን ነቅዬ አቧራውን አወጣሁ (ሳይነቅሉ በብሎወር ብቻ መንፋት አቧራውን ይብስ ይጠቀጥቀዋል፤ ይህንም የማያውቁ ባለሙያዎች በአካባቢው አሉ)፤ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ቀባሁና ገጠምሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ አስጨንቄ ብፈትነው ከ76 ዲግሪ አላለፈም። በሥራዬ ስለተደሰትሁ ያልተጠየቅሁትን ትምህርት ጨመርሁላቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ እንደሆነ፣ በዚህም የተነሣ ፋን ቢሽከረከርም እንደ ቆላ አገር አብርዶ እንደማይገፋ፣ ስለዚህ እዚህ አገር ንጽሕና ከሌላው ይልቅ እንደሚያስፈልግ በሰፊው አስረዳሁ። የኔታ በትዕግሥት አደመጡኝ። በመጨረሻ፣ «የዚህ ዕቃ ጠላቱ አቧራ ነው፤ ከአቧራ ይጠብቁት፤ ድመቷንም ያርቁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። «ብሶበታል» አሉኝ።

ሁለት ቀን ከእኔ ዘንድ አሳድሬ ፈተንሁት፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሰጠኋቸው፤ ቤታቸው ሲደርስ ጠፋ። ፔስቱን በድጋሚ ቀየርሁ፤ ፋኑን ተጠራጥሬ በራሴ ኪሳራ ሌላ ገጠምሁ፤ አሁንም ከእኔ ጠረጴዛ ላይ እንደ በግ ይተኛል፣ ከእሳቸው ቤት ሲገባ ይሞታል። በዚህ ጊዜ የማስበው ላፕቶፑን ብቻ እንዳልነበረ እውነቱን መናገር አለብኝ። የኔታ ተመልሰው ወደዚያ ወደ ባትሪ ሻጩ ቢሄዱና እሱም ቢስቅብኝ ምን ይውጠኛል እያልሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ ከቀሃ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ።

ላፕቶፑ ከመደቡ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ወፍራም ነጭ አጎዛ ተነጥፏል፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ሁሉ በበግ ፀጉር ውስጥ ሰጥሟል። ከላይ ደግሞ ነጠላ ከስክሪኑ ጀርባ ወርዶ፣ ትኩሱ አየር የሚወጣበትን ጎን ሳይቀር አልብሶታል። የሚታየው ስክሪኑና ቁልፎቹ ብቻ ናቸው። ሙቀቱን ብለካው በአሥር ደቂቃ ውስጥ 97 ደረሰና ዓይኔ እያየ ድርግም አለ።

«የኔታ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አጎዛ ነዋ። ከዱሮም የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው።»

«ከላይ ያለውስ?»

«አንተ አይደለህም ከአቧራ ጠብቁት ያልኸው? እመይቴ ናት ያለበሰችው። ድመቷንም ለጎረቤት ሰጠናት።»

ያ ነጭ ፀጉር የድመት እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በራሴ ላይ መናደድ ሲገባኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እኔ ያልሁት ሥራ ሲፈታ ይሸፍኑት ነው እንጂ እየሠራ ሳለ ይሸፍኑት አላልሁም!» አልሁ። የኔታ አልተቆጡም። ዙሪያውን የተቀመጡትን ተማሪዎቻቸውን አየት አደረጉና መጽሐፍ እንደሚተረጉም ሰው ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ሥራ ሲፈታ የሚል ቃል ከአፍህ አልወጣም፣ ልጄ። ከአቧራ ይጠብቁት አልህ። አንድም፣ ሥራ ሲፈታ ሸፍነህ አኑረው ሲል ነው፤ አንድም፣ በሥራ ሳለ አቧራ አታስነካው ሲል ነው። አቧራ የሚነሣው ደግሞ ሰው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ሰው የሚንቀሳቀሰው በሥራ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ይዘናል።»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ደበቁ። ብዙ ደንበኛ ጮኾብኛል፣ ሒሳብ የከለከለኝም አለ፤ በተናገርሁት ቃል እንዲህ መልስ አሳጥቶ ያስቀመጠኝ ግን የለም። ከፍታውን፣ ስስ አየሩን፣ ቆላውን ሁሉ ስተርክላቸው አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ «የት አስቀምጠው ነው የሚሠሩበት?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አላገኘሁም።

መፍትሔውን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። «ሥሩ አየር ይሻል» ስላቸው ከግድግዳው ሥር የቆመውን አትሮንስ አስነሥተው ላፕቶፑን እንደ መጽሐፍ አስቀመጡበት። ሥሩ ክፍት፣ ጀርባው ክፍት ሆነ፤ ለመጻፍም አልከበዳቸውም። ሙቀቱ 74 ላይ ቆመ። የኔታ ሒሳብ ሲጠይቁኝ አልቀበልም አልሁ፤ እመይቴ ግን ጠላ ሳልጠጣ አልለቀቁኝም።

ከወር በኋላ የኔታ እንደገና ከሱቄ ደጃፍ ቆሙ። ልቤ ድንግጥ አለ። ላፕቶፑን ግን አልያዙም፤ የያዙት ቻርጀሩን ብቻ ነበር። ገመዱ በሦስት ቦታ ተቆርጥሞ መዳቡ ይታያል።

«ምን ነካው፣ የኔታ?»

«አይጥ።»

«ድመቷስ?»

«ጎረቤቱን ለመደች። ብንጠራት አልመጣም አለች።»

የአዲስ ቻርጀር ዋጋ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።