14 ከየት መጣ?

የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ወደ ቢሮዬ ሲገቡ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ያን ቀን ግን ኮፍያቸውን አላወለቁም፤ አልተቀመጡምም። የያዙትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና አንዱን ቁጥር በጣታቸው ነኩ።

«እህቴ፣ ይህ 14 ከየት መጣ?»

ወረቀቱ የአንዲት ሠራተኛ የመጨረሻ ሒሳብ ነበር። ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው የአበባ እርሻችን ውስጥ ልክ አንድ ዓመት ጽጌረዳ ስትቆርጥ ቆይታ፣ አንድም ቀን የዓመት ዕረፍት ሳትወስድ ሥራዋን ለቀቀች። ያልተወሰደ ዕረፍት የሥራ ውል ሲቋረጥ በገንዘብ ይከፈላል። እኔ ደግሞ የ14 ቀን ብዬ አስልቼላታለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው አንድ ዓመት የሚገባት 16 የሥራ ቀን ነው።

አላወቅሁም ነበር ብል እዋሻለሁ። በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ 16ን ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝም እናገራለሁ። ያን ቀን ግን ሒሳቡን የሠራው «ጸሐፊው» ነበር። እኔ ፈረምኩበት።

ጸሐፊው የምንለው ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነው። ስሙን ያወጣችለት የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ናት፤ «ሻይ የማይጠጣ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ ጸሐፊ አገኘን» ብላ። እውነትም ጥሩ ጸሐፊ ነው። የሁለት ሰዓት ስብሰባ የተዘበራረቀ ማስታወሻዬን ስሰጠው ቃለ ጉባኤ አድርጎ ይመልስልኛል። ለአዲስ የሥራ መደብ የሥራ ዝርዝር ማዘጋጀት ድሮ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ረቂቁ ቡና ሳይፈላ ይደርሳል። ችግሩ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ መናገሩ ነው። ሰው ሲጠራጠር ድምፁ ይቀንሳል፣ ጆሮውን ያካል፤ እሱ ጆሮ የለውም።

ሊቀ መንበሩ ከወጡ በኋላ ሒሳቡን አስተካክዬ፣ የሁለት ቀን ልዩነቱ እንዲጨመርላት ወደ ሒሳብ ክፍል ላክሁ። ከዚያ የእሳቸውን ጥያቄ ለጸሐፊው አቀረብኩለት፤ 14 ከየት መጣ? ከአዋጅ ቁጥር 1156 ነው አለኝ፣ ሳያቅማማ። አይደለም። 14 የሥራ ቀን የሚለው የቀድሞው አዋጅ፣ ቁጥር 377/1996 ነው። ያ አዋጅ ለ15 ዓመት ያህል ሲሠራበት ቆይቷል፤ በእነዚያ ዓመታት የተጻፈው ጽሑፍ፣ ማብራሪያና የፍርድ ትንታኔ ብዙ ስለሆነ፣ ማሽኑ ከተመገበው ውስጥ አሮጌው ሕግ ሳያመዝን አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። የአዲሱን አዋጅ ስም የአሮጌው ቁጥር ላይ ለጥፎ ሰጠኝ።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። አንድ ቀን ስለዚሁ አዋጅ ስጠይቀው «የ2011 አዋጅ በ2019 ተሻሽሏል» ብሎ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ልዩነታቸውን ተነተነልኝ። ነጋሪት ጋዜጣ ያየ ሰው ሳቁን አይችልም። ጋዜጣው ሁለት ዓምድ አለው፤ በአማርኛው በኩል 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው በኩል 1156/2019 ይላል። ሕጉ አንድ ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነው ሁለት። ጸሐፊው በሌለ ማሻሻያ ላይ ያልተደረገ ለውጥ ፈጥሮ፣ ደህና አድርጎ አብራራልኝ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ተለወጠ። ሕግ አልጠይቀውም፤ ሕጉን እኔ እሰጠዋለሁ። አዋጁን ከፍቼ አንቀጹን ከአማርኛው ዓምድ እንዳለ እገለብጥለታለሁ (ሁለቱ ዓምዶች ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው)። ከዚያ «ከዚህ አንቀጽ ውጭ ምንም አትጨምር፤ ስሌቱን በየደረጃው አሳየኝ» እለዋለሁ። በዚህ መንገድ ሲታዘዝ ድንቅ ነው። ባለፈው የሥራ ስንብት ክፍያ አሠራሁት፤ አራት ዓመት ላገለገለ ሰው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፤ ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 10፣ 10፣ 10፤ ድምሩ የ60 ቀን ደመወዝ። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ እንደሌለበትም ራሱ አስታወሰኝ፤ አንቀጹ ውስጥ ስላለ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ በጣት የሚነካ ሆነ።

የደመወዝ ግብር ላይም እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ 2,000 ብር ነው፤ ጸሐፊውን ዝም ብለህ ብትጠይቀው ግን አንዳንድ ጊዜ የድሮውን 600 ብር ያነሣልሃል።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ሆዴን ይቆርጠዋል።

አንድ ግሪን ሃውስ ውስጥ ማታ የተባይ ርጭት ተደርጎ፣ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ማዘጋጀት ነበረብኝ። በአማርኛ «እስከ ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩና ጸሐፊው በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ እንዲመልሰው አደረግሁ። አፋን ኦሮሞውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አየልኝ፤ ሁለት ቃል አስተካከለ። እንግሊዝኛውን «ይህንንማ እኔም እችላለሁ» ብዬ በዓይኔ ገረፍ አድርጌ አተምኩት። የርጭት ኃላፊው ሊለጥፈው ወስዶ፣ ደጅ ደርሶ ተመለሰ። «ይህ እኮ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው የሚለው» አለኝ።

እውነት ነው። «ጠዋት» የሚለውን በትክክል ተረጎመ፤ «2 ሰዓት» የሚለውንም በትክክል ተረጎመ፤ ቃላቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ሆነ። ከእኛ ሁለት ሰዓት በስድስት ሰዓት ይቀድማል። በቅርቡ ከውጭ የመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ ደግሞ አለን፤ አማርኛ አያነብም፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባትሪ ይዞ የመስኖውን መስመር እየዞረ የማየት ልማድ አለው። መድኃኒቱ ገና ሳይበርድ ዘው ብሎ ሊገባ ይችል ነበር፤ በእኔ ፊርማና ማኅተም ተፈቅዶለት።

እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም መካከል ይገኛል ስንጥር» ትል ነበር። እኔ ስንጥሩን የፈለግሁት በማላውቀው ቋንቋ ውስጥ ብቻ ነበር። አፋን ኦሮሞውን ሰው አሳየሁ፣ ምክንያቱም አለማወቄን አውቃለሁ። እንግሊዝኛውን አውቃለሁ ብዬ አለፍኩት።

ስለ ደብዳቤ ቋንቋውማ ምን ልበል። ሦስት ቀን ያለ ፈቃድ ለቀረች ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲያረቅልኝ ብጠይቀው፣ «ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት ላይ ሳሉ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ ጀመረ። ቢሮው በሳቅ ሞላ። የእኛ ደብዳቤ ጉዳዩን ከላይ አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል፤ ግልባጩ ለማን እንደሆነ ከታች ይዘረዝራል፤ ጤና አይጠይቅም። ደግሞ ተቀባይዋ ሴት እንደሆነች ነግሬው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «አቶ» አላት። አሁን የራሳችንን አንድ የቆየ ደብዳቤ፣ ስሙና ቀኑ ተሰርዞለት፣ እንደ አብነት እሰጠዋለሁ፤ አካሄዱን ይከተላል።

ስምን ከወረቀት ላይ ስለመሰረዝ ካነሣሁ አይቀር፤ ቢሮ ውስጥ ተቆጥቼ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወጣቱ የሥራ ባልደረባችን የአንዲትን ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ ፎቶ አንሥቶ፣ ከነስሟ፣ ከነፋይዳ ቁጥሯ፣ ከነበሽታዋ፣ «አሳጥርልኝ» ብሎ ለማሽኑ ሰጥቶት አገኘሁት። ክፋት የለውም፤ ሥራ ማፍጠኑ ነው። ግን ሴትዮዋ ያንን ወረቀት በፖስታ አሽጋ፣ በር ዘግታ ነው ለእኔ የሰጠችኝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ከሌላው ለይቶ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ አዋጁ ባይኖርስ?

አሁን በእኛ ክፍል የሕክምና ማስረጃ ወደ ጸሐፊው አይሄድም፤ በቃ። የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲሆን «ሠራተኛ ሀ» እና «ሠራተኛ ለ» እያልን እንሰጠዋለን። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። እርሻው ውስጥ ያለው የትራክተር ሹፌር አንድ ከሆነ «የትራክተር ሹፌር የሆነው ሠራተኛ ሀ» ማለት ስሙን በሌላ ቀለም መጻፍ ነው። ስለዚህ የሥራ መደቡንም፣ የተቀጠረበትን ቀንም አወጣለሁ። ወጥቶ ወጥቶ የሚቀረው አንዳንዴ ሁለት መስመር ነው፤ ለሁለት መስመር ደግሞ ማሽን አያስፈልገኝም፣ ራሴ እጽፈዋለሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ ቤት ስገባ ልጄ ትጠብቀኛለች፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ማታ የፊዚክስ የቤት ሥራዋን ተበሳጭታ አሳየችኝ። ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢወረወር ምን ያህል ከፍታ ይደርሳል ነው ጥያቄው። መልሷ 20.4 ሜትር ይላል፤ መምህሩ የጠበቁት 20 ነው። ፊዚክስ ከረሳሁ ቆይቻለሁ፤ ወረቀቱን ግን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ከ20.4 ሥር በላጲስ የጠፋ ነገር አለ። ቀና አድርጌ ሳየው 20 ይላል።

«መጀመሪያ 20 ብለሽ ነበር?»

«አዎ፤ ከዚያ ስልኩ ላይ ሳመሳክረው 20.4 አለኝ፤ አጠፋሁት።»

«.4ቷ ከየት መጣች?»

አላወቀችም። ደብተሯን ገልጠን አብረን ፈለግን። ክፍል ውስጥ የስበት ፍጥነት መጨመርን 10 እያሉ ነው የሚሠሩት፤ ማሽኑ 9.8 ብሎ ሠርቷል። አራት መቶን ለ20 ስታካፍል 20፤ ለ19.6 ስታካፍል 20.4። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጄ ልክ ያልሆነ መልስ በሌለበት ጥያቄ ላይ የራሷን መልስ በላጲስ አጠፋች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ የ16ቱ ነገር ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

አሁን አንድ ስምምነት አለን። መልሷን በእስክሪብቶ ትጽፋለች፤ በእርሳስ አይደለም። ከዚያ ስልኩን ታነሣና «መልሱን አትንገረኝ፤ የት ጋ እንደተሳሳትኩ እንዳገኝ ጥያቄ ጠይቀኝ» ብላ ታዘዋለች። ይህኛው እንደ ታጋሽ አስጠኚ ነው፤ አሥር ጊዜ ብትጠይቀው አይሰለችም፤ እኔ በሦስተኛው እሰለቻለሁ። አንዳንድ ማታ መልሷ ከስልኩ ሲለይ ሮጣ መጥታ «ዛሬ እሱ ነው የተሳሳተው!» ትለኛለች፤ ደስታዋ ከአሥር ከአሥር ያመጣች ይመስላል።

በዚህ ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለው የውል እድሳት ነው። አንድ ክምር ውል በ2019 መጨረሻ ያበቃል፤ የሚያበቃበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ አለብኝ። ጸሐፊው ዓመቱን ጳጉሜን 5 ላይ ጨርሶ ሠንጠረዡን አቀረበልኝ፤ የሚያምር ሠንጠረዥ ነው። 2019 ግን ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን አላት፤ በ2015ም እንዲሁ ነበረች። ግድግዳዬ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ የሚያልቀው በ2018 ስለሆነ፣ ከጫፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የሚቀጥለው ዓመት፦ 6» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሊቀ መንበሩ ትናንት ገብተው አዩት። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡና «ይህ 6 ከየት መጣ?» አሉኝ፤ እየሳቁ።